ካርድ የማይበላው

ቢቸና ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። ወደ ሞጣ የሚሄደውም ወደ ደጀን የሚወርደውም መኪናው እስኪሞላ ሱቄ ጎራ ይላል። ከስክሪን መቀየርና ከቻርጅ ማስገቢያ ጥገና ቀጥሎ የሚበዛብኝ ጥያቄ የብሉቱዝ ነው። አንዱ «አልልክ አለኝ» ይላል፤ ሌላው «ስፒከሩን አላገኝ አለኝ»፤ ሦስተኛው ደግሞ «ቻርጄን የሚጨርሰው እሱ ይሆን እንዴ?» ብሎ ይጠረጥራል። ሁሉም ይጠቀምበታል፤ ምን እንደሆነ ግን ቁጭ ብሎ ያስረዳው የለም።

ብሉቱዝ ራዲዮ ነው። ስልኩ ውስጥ ያለች ከጥፍር ያነሰች ቺፕ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ትልካለች፤ የሌላው ስልክ ቺፕ ትቀበላለች። መሀላቸው ታወር የለም፣ ሲም ካርድ የለም፣ ሂሳብም አይቆረጥም። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ሉንድ በተባለችው የስዊድን ከተማ ነው፤ የኤሪክሰን መሐንዲሶች፣ ሆላንዳዊው ያፕ ሃርትሰንና ስዊድናዊው ስቬን ማቲሰን፣ ያሰቡት ገመድ ለማስቀረት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ ኢንቴል፣ አይቢኤምና ቶሺባ አንድ ወጥ ደረጃ ሊያወጡለት ተስማሙ። የገበሬው ቴክኖ ከመምህሩ ሳምሰንግ ጋር ዛሬ የሚግባባው በዚያ ስምምነት ነው።

በዚያው ሞገድ ላይ ዋይፋይም ይሠራል፤ የማይክሮዌቭ ምድጃም ይረብሸዋል። ብሉቱዝ ከግርግሩ የሚያመልጠው አንድ ቦታ ባለመቆሙ ነው። የተለመደው ዓይነት ሞገዱን በ79 መስመር ከፍሎ፣ በሰከንድ 1,600 ጊዜ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ይዘላል። ሁለቱ ስልኮች ሲገናኙ የዝላዩን ተራ አስቀድመው ይይዙታል። ማኅሌት ላይ ደብተራዎቹ ሳይተያዩ መቋሚያቸውን እኩል እንደሚያነሱት፣ እነሱም ሳይጠያየቁ እኩል ይዘላሉ። ተራውን የማያውቅ ሦስተኛ ስልክ ቁርጥራጭ ድምፅ እንጂ ነገሩን አያገኘውም።

ርቀቱ በአብዛኛው ስልክ ላይ 10 ሜትር ግድም ነው፤ እሱም ሜዳ ላይ ሲሆን። ብረት ሞገዱን ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ኮንቴይነር ሱቅ ውስጥ ያለ ስልክ በሩ ከተዘጋ ደጅ ከቆመው ጋር አይገናኝም። የሰው ገላም ውኃ የበዛበት ስለሆነ ሞገዱን ይመጠዋል። በኢርፎን እየሰማህ ስልኩን ከኋላ ኪስህ ስታደርገው የሚቆራረጠው ኢርፎኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ መሀል የገባኸው አንተ ነህ። ስንቱ ደህና ኢርፎን በዚህ ምክንያት ተጥሏል!

ፍጥነቱ ግን ብዙ አያስመካም። 4 ሜጋ ባይት የሆነች ዘፈን በ20 ሰከንድ ግድም ትደርሳለች፤ 700 ሜጋ የሆነ ፊልም ግን ከ40 ደቂቃ በላይ ያስቀምጣል። ወጣቱ ዜንደር ወደሚባለው አፕ የዞረው ለዚህ ነው። ዜንደር ብሉቱዝ አይደለም፤ አንዱ ስልክ ራሱ ዋይፋይ ይሆንና ሌላው ይገባበታል፤ ፊልሙም በደቂቃዎች ያልቃል። እሱም ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ካርድ አይበላም። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ዳታውን ሳያጠፋ ይልክና ማስታወቂያው ፓኬጁን ሲጨርስበት ዜንደርን ይረግማል።

ይህ ሁሉ ሙያ የተፈተነው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ነው። ቴሌግራም የለም፣ ፌስቡክ የለም። ከባሕር ዳር በሞጣ በኩል የመጣ መንገደኛ ስልኩ ላይ የያዘው ሁሉ ይፈለግ ነበር፤ የልጅ ፎቶ፣ የለቅሶ መልእክት በድምፅ፣ የትምህርት ፒዲኤፍ። ነገሩ ከሞጣ ደብረ ወርቅ፣ ከደብረ ወርቅ ቢቸና እያለ ከእጅ ወደ እጅ ይወርድ ነበር። ለመቀበል የግድ አጠገቡ መቆም ስላለብህ፣ ፋይሉ እስኪደርስ የሰውየውን ወሬም ትሰማለህ። ብዙ ጊዜ ወሬው ከፋይሉ ይበልጥ ነበር።

ኢንተርኔት ሲኖርም ቢሆን በብሉቱዝ የሚዞረው ነገር የራሱ ዓይነት አለው። የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች የመምህራቸውን ዜማ ቀድተው ይለዋወጣሉ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» እስካሁን ከስልክ ስልክ ይሻገራል፤ ታሪኩ ያለበት ዲማ እዚሁ ጎረቤታችን ስለሆነ የኛ ሰው እንደ ዘመድ ወሬ ነው የሚሰማው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ይህን ማን አሰበ! ግን አንድ ነገር ልበል። አዲስ ዘፈን ወጥቶ ሳያድር ቢቸና ሲገባ ለዘፋኙ አምስት ሳንቲም አይደርሰውም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ በሁለት ስልኮች መሀል ግን ዘበኛ አይቆምም። ዘፋኞቻችን ከአልበም ይልቅ በመድረክ ሥራ ላይ ቢንጠለጠሉ አልፈርድባቸውም።

የሠርግ ሰሞን ደግሞ የአይፎን ጣጣ ይመጣል። ከአሜሪካ የመጣ ወንድም የእህቱን ሠርግ ሲያነሳ ውሎ ሊመለስ ሲል ቤተሰቡ ተሰብስቦ «በብሉቱዝ ላክልን» ይለዋል። አይፎን ለአንድሮይድ ስልክ ፎቶ በብሉቱዝ አይልክም። አንድ አባት ሱቄ ቆመው «ልጄ፣ ከአሜሪካ ፎቶው ይደርሰን የለም ወይ? አሁን አጠገቤ ተቀምጦ ምን ነካው?» አሉኝ። ሁለቱም ስልክ ላይ ዜንደር ጫንኩላቸውና ተላለፈ። እሳቸው ግን አይፎን ውድ የሆነበትን ምክንያት እስካሁን አልተቀበሉኝም።

ስለ ቻርጁ፦ ብሉቱዝን ያለ ጥፋቱ ነው የምንከሰው። የተለመደው የስልክ ብሉቱዝ የሚያወጣው ኃይል 2.5 ሚሊዋት ግድም ነው። ያው ስልክ ከታወር ጋር ሲነጋገር ግን፣ በቀድሞው ጂ.ኤስ.ኤም. ኔትወርክ፣ እስከ 2 ዋት ይደርሳል። ቆላ ወርዶ ኔትወርክ ሲፈልግ የዋለ ስልክ ማታ ቢሞት አይገርምም። የሚጠፋ ነገር ካለ ቆላ ስትወርድ ኤርፕሌን ሞድ አድርገው፤ ብሉቱዙን ብቻ መልሰህ ብታበራው ዘፈንህን እየሰማህ ትሄዳለህ።

ብሉቱዙን አጥፋው የምልበት ምክንያት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ብሉቦርን የተባለ ክፍተት ተገኘ፤ ባለቤቱ ምንም ሳይነካ፣ ከማንም ጋር ሳይጣመር፣ ብሉቱዙ በመብራቱ ብቻ ስልኩ ውስጥ ለመግባት ያስችል ነበር። አዳዲሶቹ ስልኮች ተጠግነዋል። ገበያችን ላይ ግን ማሻሻያ ደርሷቸው የማያውቁ አሮጌ አንድሮይዶች አሉ። ከማታውቀው ስም ጥያቄ ሲመጣ እሺ አትበል፤ በተለይ ፋይሉ አፕ የሚጭን ኤፒኬ ከሆነ። ስልክህን ስትሸጥም የተጣመሩትን ዝርዝር አጥፋ።

ርካሾቹ ስፒከሮች ደግሞ ሲጣመሩ የይለፍ ቁጥር አይጠይቁም፤ ቀድሞ የደረሰውን ይይዛሉ። ሞጣ አንድ ሠርግ ላይ ዲጄው ስልኩን ቻርጅ ሊሰካ ድንኳኑን ለቆ ወጣ ሲል ግንኙነቱ ተቋረጠ፤ ከጎረቤት ቤት የአንድ ጎረምሳ ስልክ ገባበትና ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ የእንግሊዝ ኳስ ጨዋታ በአማርኛ መተላለፍ ጀመረ። ሚዜዎቹ ግብ ሲቆጠር ጮኹ፤ የሙሽራይቱ እናት ዲጄውን ሊደበድቡት ምንም አልቀራቸው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ እንዲህ ያለው ስፒከር በአንድ ጊዜ አንድ ስልክ ብቻ ስለሚይዝ፣ ዲጄ የሆንክ ቻርጀሩን ወደ ስልኩ አምጣው እንጂ ስልኩን ወደ ቻርጀሩ አትውሰደው። ወይም አምስት ሜትር ገመድ ግዛ፤ እኔም አለኝ።