«ጆሮህ ደህና ነው» ከተባለ በኋላ

«ቤት ውስጥ ደህና እሰማለሁ፤ ሠርግ ላይ ግን አጠገቤ ያለው ሰው የሚለኝ አይገባኝም።» ይህን ብሎ ምርመራ የሄደ ሰው ጸጥ ባለ ክፍል ይቀመጣል፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል፣ «ጆሮህ ደህና ነው» ተብሎ ይመለሳል። ቤተሰቡም «ድሮስ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ እንጂ!» ይላል።

ተረት፦ የዚህ ምርመራ ውጤት (ኦዲዮግራሙ) ደህና ከሆነ መስማቱም ደህና ነው።

እውነታ፦ ኦዲዮግራም የሚያሳየው በጸጥታ ውስጥ የምንሰማውን እጅግ ደካማ ድምፅ ነው፤ ያውም በአብዛኛው ከ250 እስከ 8000 ሄርዝ ባለው ክልል ብቻ። ከጫጫታ መሃል ንግግር ነጥሎ ማውጣት ነርቭንና አንጎልን የሚጠይቅ ሌላ ሥራ ነው። ሻሮን ኩጃዋና ቻርለስ ሊበርማን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ለኃይለኛ ድምፅ የተጋለጡ አይጦች የመስማት ልኬታቸው ወደ ነበረበት ተመልሷል፤ የውስጥ ጆሮ ሕዋሳትን ከነርቭ የሚያገናኙት መጋጠሚያዎች ግን በብዛት ጠፍተው ተገኝተዋል። «ድብቅ የመስማት ችግር» የሚባለው ይህ ጉዳት በሰው ላይ ምን ያህል እንደሚደርስ ገና ያከራክራል፤ ስለዚህ «ድብቅ የመስማት ችግር አለብህ» ብሎ በእርግጠኝነት የሚፈርደውንም ጠርጥሩት።

ተረት፦ በጫጫታ ውስጥ ንግግር መስማትን የሚለካ ምርመራ የለም።

እውነታ፦ አለ። ክዊክሲን በተባለው ምርመራ ተመርማሪው ከአራት ሰዎች ጫጫታ ጋር የተቀዱ ስድስት ዓረፍተ ነገሮችን እየሰማ ይደግማል። የመጀመሪያው ከጫጫታው በ25 ዴሲቤል ይበልጣል፤ ከዚያ በኋላ ልዩነቱ በየዓረፍተ ነገሩ 5 ዴሲቤል እየቀነሰ፣ መጨረሻ ላይ ንግግሩና ጫጫታው እኩል ይሆናሉ። በእያንዳንዱ አምስት፣ በጠቅላላው 30 ቁልፍ ቃላት ይቆጠራሉ። በትክክል የተደገሙት ከ25.5 ላይ ሲቀነሱ ውጤቱ እስከ 3 ከሆነ ደህና ነው።

ተረት፦ ምርመራው በየትኛውም ቋንቋ ቢሰጥ ያው ነው።

እውነታ፦ ዋሽንግተን ያለች አማርኛ ተናጋሪ እናት በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ተፈትና ብትወድቅ ጆሮዋ ይሁን ቋንቋው ማን ያውቃል? ቁጥሮችን በጫጫታ ውስጥ የሚያሰማው ምርመራ የቋንቋውን ሸክም ያቀልላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው የስልክ መተግበሪያም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። «መጣ»ን ከ«መታ» መለየት መቻሏን ለማወቅ ግን በአማርኛ የተዘጋጀ ፈተና ያስፈልጋል።

ተረት፦ መፍትሔው ድምፅ ማጉላት ነው።

እውነታ፦ ተራ ማጉያ ጫጫታውንም አብሮ ያጎላዋል። በጫጫታ ምርመራ ውጤቱ ከ3 እጅግ ለበለጠ ሰው ተናጋሪው አንገቱ ስር የሚሰካው፣ ድምፁን በቀጥታ ወደ መስሚያ መሣሪያው የሚልክ ማይክሮፎን የበለጠ ይጠቅመዋል።