የስም አጻጻፍና የመረጃ ቋት

እንግሊዛዊው ሊቅ ኤድጋር ኮድ በአይቢኤም ኩባንያ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ፣ መረጃ ሁሉ በረድፍና በዐምድ በተከፈለ ሠንጠረዥ እንዲቀመጥ ካስተማረ ወዲህ፣ የባንኩም የሆስፒታሉም መዝገብ በአብዛኛው በዚሁ ሥርዐት ሲጠበቅ ኖሯል። ፕሮግራም ጸሐፊው ግን የሚያስበው በሠንጠረዥ ሳይሆን በኦብጀክት፣ ይኸውም የራሱ ጠባይና የራሱ ተግባር ባለው አካል፣ ስለ ሆነ፣ ኦብጀክቱን ወደ ረድፍ፣ ረድፉንም ወደ ኦብጀክት የሚመልስ ሶፍትዌር አስፈለገ፤ ባለሙያዎቹም ኦአርኤም ይሉታል። በአሜሪካ በካንሳስ፣ በሎውረንስ ከተማ፣ በአንድ ጋዜጣ ቤት ተጸንሶ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ የተለቀቀው ጃንጎ ይህን ሥራ ከሚሠሩት አንዱ ነው።

በጃንጎ የአንድ ታካሚ ኦብጀክት ተሠርቶ «ሴቭ» የተባለው ትእዛዝ ሲጠራ፣ ረድፉን ኦአርኤሙ ራሱ ይጽፋል፤ ለብዙው ሥራም ይህ ይበቃል። የእኛን አገር ስም ለመጠበቅ ግን አይበቃም። ፀሐይ የምትባል እናት ስሟ ዛሬ በፀሐዩ «ፀ»፣ ከወር በኋላ በጸሎቱ «ጸ»፣ ደግሞም አንድ ጊዜ በሐመሩ «ሐ»፣ ሌላ ጊዜ በሀሌታው «ሀ» ቢጻፍ፣ አንባቢ ሰው አንድ ስም መሆኑን ሳይጠራጠር ይረዳል፤ ኮምፒውተር ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የተሰጠውን ልዩ ቍጥር ብቻ ስለሚያይ፣ ካርዷን አጥቶ አዲስ ያስከፍታታል፤ የበሽታዋም ታሪክ ለሁለት ተከፍሎ ይቀራል።

መድኀኒቱ «ሴቭ»ን ለራስ በሚስማማ መንገድ መጻፍ ነው፦ ስሙ ሳይነካ፣ በአጠገቡ ባለ ሌላ ዐምድ «ሐ» እና «ኀ» ወደ «ሀ»፣ «ሠ» ወደ «ሰ»፣ «ዐ» ወደ «አ»፣ «ፀ» ወደ «ጸ» ከነዘራቸው ተመልሰው የመፈለጊያ ስም ይዘጋጃል፤ ከዚያም የጃንጎው የራሱ «ሴቭ» ይጠራል፣ ይህ ከተረሳ ምንም ሳይጻፍ፣ ስሕተትም ሳይነገር ይቀራልና። ፈላጊው የሚጽፈውም ቃል በዚያው ሕግ ይለፍ። ስሙን ራሱን «አርመው» የሚያስቀምጡ አሉ፤ ስም ግን የባለቤቱ ርስት ነውና ይህን በፍጹም አልደግፍም።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ከዚህ በኋላ ነው። ጃንጎ ብዙ ረድፎችን ባንድ ጊዜ የሚያስገባበት «በልክ ክሪኤት» እና የሚለውጥበት «አፕዴት» የተባሉት ትእዛዞች በ«ሴቭ» በኩል ፈጽሞ አያልፉም፤ ስለዚህ ከአሮጌ መዝገብ በጅምላ የተጫነው የሺሕ ሰው ስም የመፈለጊያ ዐምዱ ባዶ ሆኖ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የወጣው ጃንጎ 5.0 ግን የመረጃ ቋቱ ራሱ አስልቶ የሚሞላው ዐምድ እንዲኖር ስለ ፈቀደ፣ ረድፉ በየትም በኩል ቢገባ ሕጉ አይታለፍም፤ ለዚህ ጉዳይ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

የሆስፒታልና የትምህርት ቤት መዝገብ የምትሠሩ ባለሙያዎች ሆይ፣ ይህን አንድ ዐምድ ከመጀመሪያው ቀን ጨምሩ፤ አንድ ጊዜ ለሁለት የተከፈለ ካርድ ኋላ የሚጋጠመው በሰው ዐይን አንድ በአንድ ተመርምሮ ነው።