ቆጮ ከጨዋታ በፊት ወይስ በኋላ?

ወደ ደቡብ የሚወርድ ደጋፊ ሁለት ጥያቄ አያጣም። ጨዋታው ስንት ሰዓት ነው? ምሳ የት ነው? ከአዲስ አበባ ዲላ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወናጎንና ይርጋ ጨፌን አልፎ ፍስሐ ገነት የደረሰ መንገደኛ ደግሞ እንጀራ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን እንደወረደ ይገባዋል። ሆቴሎቹ እንጀራ አያጡም፤ የአገሬው ማዕድ ግን የእንሰት ነው።

ጌዴኦዎች ቡናና እንሰትን አንድ ላይ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያበቅላሉ። ዩኔስኮ ይህንን መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እንሰቱ ይፋቃል፣ ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ተሸፍኖ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። ከዚያ ተጨምቆና ተነፍቶ፣ በኮባ ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ይወጣል። ትኩስ ቆጮ ከጎመንና ከአይብ ጋር ሲቀርብ፣ ከጎኑ ደግሞ መሀሉ ላይ ቅቤ የቀለጠበት የቡላ ገንፎ ሲመጣ፣ ስለ አሰላለፍ የሚያወራ ደጋፊ አይገኝም።

ክርክሩ የሚነሳው ተጫዋቹ ጋ ነው። ይብላ ወይስ ይለፈው?

ቆጮም ቡላም በአብዛኛው ስታርች ናቸው። ለዘጠና ደቂቃ ሩጫ የሚፈለገውም ኃይል ሰጪ ምግብ ነው፤ እዚህ ድረስ ችግር የለም። ፕሮቲናቸው ግን አነስተኛ ስለሆነ አይቡና ወተቱ ለጌጥ የመጡ አይደሉም። ጣጣው ቅቤው ነው። ቅባት ከሆድ ቶሎ አይወርድም። ዋናው ምግብ ከጨዋታው ሦስት አራት ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ቅቤ ሳይበዛበት መበላት አለበት። ቆጮ ለምዶ ያደገ የዲላ ልጅ ይቋቋመው ይሆናል። እንጀራ የለመደ የአዲስ አበባ አጥቂ ግን በጨዋታ ቀን ከሞከረው በ20ኛው ደቂቃ ሆዱን ይዞ ወደ ተቀያሪ ወንበር ሊያይ ይችላል። ጥሬ ሥጋውማ ባይነሳ ይሻላል!

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። አርሴን ቬንገር እ.ኤ.አ. በ1996 አርሰናል ሲገቡ ከነኳቸው ነገሮች አንዱ የተጫዋቾቹ ሳህን ነበር። ቸኮሌቱ ወጣ፣ አትክልትና ዓሣ ገባ። በ1998 ሊጉንና ኤፍ ኤ ካፑን ጠቅልለው ወሰዱ። ድሉ የምግቡ ብቻ ነው የሚል የለም፤ ግን ማን ደፍሮ ቸኮሌቱን ይመልስ?

ለደጋፊው ይኼ ሁሉ ሕግ አይሠራም። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ፕሪሚየር ሊጉ በ2013 ዓ.ም. በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰበ መካሄድ ሲጀምር፣ ቡድንን ተከትሎ አገር የማየቱ ወግ ቀዘቀዘ። ጨዋታው በዲኤስቲቪ መታየት ጀመረ፣ ቆጮው ግን በስክሪን አይመጣም። ጌዴኦ ዲላን ስሙን ብቻ የሚያውቅ ደጋፊ ስንቱ ነው?

መንገዱ ግን አሁንም አለ። የተሸነፈ ቡድን ደጋፊም ቢሆን ፍስሐ ገነት ላይ ቡና ሳይጠጣ አይመለስም። አቦሉ ተጠጥቶ፣ ቶናው ገና ጀበናው ውስጥ እያለ፣ ሾፌሩ ከውጪ ጥሩንባውን ይነፋል።