የተውሶ ዕቃ ጠባቂ ይሻል

ከኮምቦልቻ ወደ ደቡብ ሲወርዱ በምትገኘው በሐርቡ የሚመዘገበው የሕሙማን ቁጥር ዛሬ ወደ በላይ የሚተላለፈው በወረቀት ብቻ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር የሀገሩን የጤና ሪፖርት የሚሰበስበው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ባዘጋጀው ዲኤችአይኤስ 2 በተባለ ፕሮግራም ነው።

እንዲህ ያለውን ፕሮግራም አንድ ሰው ከሥር እስከ ጫፍ አልጻፈውም፤ ሌሎች ከሠሯቸው ብዙ የተውሶ ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። አንዱ ክፍል ሲታመም መላው አካል ይታመማል። በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጀመሪያ ሎግ ፎር ጄ በተባለው ክፍል ብርቱ የጥበቃ ጉድለት መኖሩ በተገለጠ ጊዜ፥ ዲኤችአይኤስ 2ን ጨምሮ በጃቫ የተሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች በጥድፊያ መታደስ ግድ ሆነባቸው።

የእያንዳንዱን ክፍል እትም በዓይን መከታተል ስለሚያዳግት፥ ዲፔንዳቦትን የመሰለ መሣሪያ ተበጀ። በኮዱ ማከማቻ ውስጥ በሚቀመጥ አጭር ፋይል ሦስት ነገር ይነገረዋል፤ ይኸውም የክፍሎቹ ዓይነት፥ የሚገኙበት ሥፍራና የምርመራው ጊዜ ነው። በየቀኑ ከማድረግ በየሳምንቱ ማድረግ፥ ተቀራራቢዎቹንም ባንድነት መጠቅለል ይሻላል፤ የለውጥ ሐሳብ ሲበዛ ተመልካች ያጣልና። የጥበቃ ጥገና ግን ሳምንት ሊጠብቅ አይገባውም።

መሣሪያው ያሳስባል እንጂ አይፈርድም። በዚያው ታኅሣሥ መጨረሻ ከለርስ የተባለውን ክፍል ደራሲው ራሱ ሆን ብሎ አበላሽቶ አዲስ እትም ባወጣ ጊዜ፥ ሳይፈትኑ ያደሱ ሰዎች ሥራቸው ተሰናከለ።

እንግዲህ በደሴና በኮምቦልቻ ይህን ጥበብ ለሚማሩና በየመሥሪያ ቤቱ ለሚሠሩ ወጣቶቻችን የምናሳስበው፥ መሣሪያውን ሲተክሉ ፈተናውንም አብረው እንዲተክሉ ነው። ማደስ ያለ መመርመር፥ መመርመርም ያለ ማደስ ፍሬ የለውም።