ጊታር ለመሥራት ዋንዛ ወይስ የፈረንጅ ጥድ?

ገንዘቡ የሚታሰረው በጣውላው ሳይሆን በማድረቂያው ጊዜ ነው

ከሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ተነስቶ ወደ ለቡና ወደ ጀሞ ለሚዘልቅ ሰው የቤት ዕቃ መሸጫዎችና የእንጨት ሥራ ቤቶች እንግዳ አይደሉም። በዚህ ንግድ የእንጨት ደረጃ የሚወሰነው በቆየ ልማድ ነው። ዋንዛ የክብር ዕቃ እንጨት ነው። የፈረንጅ ጥድ ደግሞ ለጣሪያ፣ ለኮርኒስና ለቁም ሳጥን የውስጥ ክፍል የሚውል ተራ ጣውላ ተደርጎ ይቆጠራል።

ይህ ምደባ ለአልጋና ለጠረጴዛ ይሠራ ይሆናል። በእጅ ለሚሠራ ጊታር ግን አይሠራም። በጊታር ሥራ ተራ የተባለው ጣውላ ተፈላጊ፣ ውድ የተባለው ደግሞ አስቸጋሪ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ጉዳዩ ለባለሀብቱ የሚነሳበት ምክንያት አለው። በአዲስ አበባ የሚሸጠው ጊታር በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በወራት ውስጥ ከ120 ብር አልፏል። ስለዚህ ‹‹እዚሁ ቢሠራስ?›› የሚለው ጥያቄ ከሙዚቃ ወዳጆች አልፎ የንግድ ጥያቄ ሆኗል።

ድምፁ የሚወጣው ከየት ነው?

አገራችን የክር መሣሪያ መሥራት አዲሷ አይደለም። ክራር፣ መሰንቆና በገና በባለሙያዎች እጅ ሲሠሩ ኖረዋል። ሆኖም በእነዚህ መሣሪያዎችና በጊታር መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በክራር፣ በመሰንቆና በበገና የክሩን ንዝረት ተቀብሎ አየሩን የሚገፋው የተወጠረ ቆዳ ነው። በጊታር ይህን ሥራ የሚሠራው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስስ የእንጨት ገበታ ነው።

ይህ ስስ ገበታ ሁለት የሚቃረኑ ነገሮች ይጠየቃሉ። አንደኛ፣ የብረት ክር ባለው ጊታር ከ70 ኪሎ ግራም በላይ፣ የናይለን ክር ባለው ደግሞ ወደ 40 ኪሎ ግራም የሚደርስ ጉተታ መቋቋም አለበት። ሁለተኛ፣ በጣት ንክኪ የሚንቀጠቀጥ ቀላል መሆን አለበት። ክብደቱ ቀላል፣ በርዝመቱ ግን ግትር የሆነ እንጨት የሚፈለገው ለዚህ ነው። በዓለም ገበያ ለፊት ገበታ ስፕሩስና ቀይ ሴዳር የሚባሉት የቀዝቃዛ አገር ዛፎች ቦታውን የያዙት በዚሁ ጠባያቸው ነው።

የጀርባውና የጎኑ እንጨት ድርሻ ከፊተኛው ያነሰ ነው። ስፔናዊው ጊታር ሠሪ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ይህን ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1862 ጀርባውና ጎኑ ከተጠቀጠቀ ወረቀት፣ ፊቱ ግን ከእንጨት የሆነ ጊታር ሠርቷል። መሣሪያው ዛሬም በባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ይገኛል። ለነጋዴው ትርጉሙ ግልጽ ነው። ደንበኛ ለውድ የጀርባ እንጨት የሚከፍለው ዋጋ ከፊሉ ለመልኩና ለስሙ ነው።

የትኛው እንጨት ለየትኛው ክፍል?

የደቡብ ስፔን ሠሪዎች ለፍላሜንኮ ጊታር ጀርባና ጎን ከጥንት ጀምሮ የተጠቀሙት በአካባቢያቸው የሚበቅለውን ሳይፕረስ ነው። ምክንያቱ ቀላልነቱ፣ እንደ ልብ መገኘቱና ርካሽነቱ ነበር። ዛሬ ያ ድምፅ የራሱ ገበያ አለው። በእኛ አገር የፈረንጅ ጥድ የሚባለው ዛፍ መነሻው መካከለኛው አሜሪካና ሜክሲኮ ይሁን እንጂ የዚሁ የሳይፕረስ ወገን ነው። በሙኔሳ ሻሸመኔና በወንዶ ገነት በሰፊው ተተክሎ ለጣውላ ይውላል። ችግሩ ብዙው ጣውላ የቅርንጫፍ ጉጥ የበዛበት መሆኑ ነው። ለጊታር የሚሆነው ከትልልቅ ግንዶች የተመረጠ፣ ጉጥ የሌለውና መስመሩ ቀጥ ያለው ብቻ ነው።

ዋንዛም ቢሆን ለጀርባና ለጎን የሚታጭ እንጨት ነው። ለመላጊያ ይመቻል፣ ቀለሙም ያምራል። በሜክሲኮና በጓቲማላ የሚበቅለውና በጊታር ሠሪዎች ዘንድ በጣም ተፈላጊ የሆነው ዚሪኮቴ የተባለው ጥቁር ሽንትርትር እንጨት የዋንዛ የቅርብ ዘመድ ነው። ዋንዛ ግን ከዚያ ይልቅ ቀላልና ለስላሳ ነው።

ጣት የሚያርፍበት የአንገቱ ገጽ ጠንካራና የማይበላ እንጨት ይፈልጋል። በውጭ አገር ለዚህ የሚውሉት ዞጲና ሮዝውድ ናቸው። ከእኛ እንጨቶች ወይራ በጥንካሬው ይታጫል። ሆኖም ሲደርቅ የመሰንጠቅና የመጣመም ጠባይ ስላለው የሚያስቸኩል አይደለም። የፊት ገበታውን በተመለከተ ደግሞ ለጊዜው የተመረጠ ስፕሩስ በጥንድ ማስመጣቱ የሚያዋጣ ይመስላል። ከጠቅላላው ጊታር ከውጭ የሚመጣው አንድ ክፍል ብቻ ቢሆን የምንዛሪው ጫና በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ስሌቱ ምን ይላል?

ለአንድ ጊታር ጀርባና ጎን የሚገባው የተጣራ እንጨት 1.6 ሊትር ያህል ይዘት ያለው ነው። በመጋዝ፣ በመላጊያና በምርጫ የሚባክነው ታስቦ አራት እጥፍ ይፈጃል ቢባል እንኳ ከ1 ሜትር ኩብ ጣውላ ወደ 150 ጊታር የሚሆን ይወጣል። በሌላ በኩል አንድ ጊታር በእጅ ለመሥራት ከ100 እስከ 200 የሥራ ሰዓት ይጠይቃል። በአማካይ 150 ሰዓት ብንይዝ አንድ ባለሙያ በዓመት የሚያወጣው 13 ያህል ነው። በዚህ ስሌት 1 ሜትር ኩብ እንጨት ለአንድ ሰው ከ10 ዓመት በላይ ይበቃዋል።

ስለዚህ በመኪና ጭኖ ለጊታር ሠሪ ለመሸጥ ያሰበ ደላላ ከወዲሁ ሐሳቡን ቢለውጥ ይሻለዋል። ትርፉ ያለው በብዛት አይደለም። ትርፍ የሚገኘው እንጨቱን በመምረጥ፣ በማድረቅና ከአንድ ጣውላ እንደ መጽሐፍ ተከፍቶ ፊትና ፊቱ የሚገጥም ጥንድ አድርጎ በማቅረብ ነው።

ከሁሉ የሚያስወጣው ጊዜው ነው። በእንጨት ሥራ የታወቀው መለኪያ በአየር ለሚደርቅ እንጨት ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ነው። ጊታር ሠሪ ይህ ካለፈም በኋላ በሥራ ቤቱ ውስጥ ያቆየዋል። የሚፈለገው የእንጨት እርጥበት ከ6 እስከ 8 በመቶ ሲሆን፣ የሥራ ቤቱ አየር እርጥበት ከ45 እስከ 50 በመቶ እንዲሆን ይመከራል። የአዲስ አበባ በጋ ደረቅ፣ ክረምቱ ደግሞ እርጥብ በመሆኑ በሐምሌ የተጣበቀ ጊታር በጥር ሊሰነጠቅ ይችላል። 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የስፕሩስ ገበታ እርጥበቱ በ4 ነጥብ ቢቀንስ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይሸሻል። ዳር ዳሩ በኮላ ስለተያዘ መሄጃ ያጣና ይተረተራል። ከግንዱ እምብርት ወደ ቅርፊቱ አቅጣጫ ያልተሰነጠቀ ጣውላ ከሆነ ደግሞ ሽሽቱ እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

‹‹ደረቅ ነው›› ለሚል ሻጭ ቀላል ፈተና አለ። ከጣውላው መካከል ትንሽ ቁራጭ ወስዶ መመዘን፣ በ103 ዲግሪ ሙቀት መጋገሪያ ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ማቆየት ነው። 108 ግራም የነበረው 100 ግራም ላይ ቢቆም እርጥበቱ 8 በመቶ ነው። 120 የነበረው 100 ላይ ከቆመ ግን 20 በመቶ ውኃ በእንጨት ዋጋ እየተገዛ ነው።

ወረቀት የሌለው እንጨት

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጥድን ስማቸውን ጠቅሶ ከደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ይህ አዋጅ በ1999 በአዋጅ ቁጥር 542፣ እሱም በ2010 በአዋጅ ቁጥር 1065 ተተክቷል። የአገር በቀል ዛፎች ጥበቃ ግን የሕጉ ዓላማ ሆኖ ቀጥሏል። እዚህ ላይ ገዢው ስም እንዳያሳስተው መጠንቀቅ አለበት። የሐበሻ ጥድና የፈረንጅ ጥድ በአንድ ስም ‹‹ጥድ›› ተብለው ይጠራሉ። አንደኛው ጥበቃ የሚደረግለት አገር በቀል ሲሆን ሌላው ለመቆረጥ የተተከለ ነው።

ወደ ውጭ ለመላክ ለሚያስብ ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል የሆነችበት፣ በመጥፋት ላይ ያሉ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ስምምነት፣ የብራዚልን ሮዝውድ እ.ኤ.አ. በ1992 ከንግድ አግዷል። እ.ኤ.አ. በ2017 መላውን የሮዝውድ ወገን ፈቃድ እንዲጠየቅበት አድርጎ፣ በ2019 መጨረሻ ላይ ከብራዚሉ በቀር ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎችን ከዚህ ግዴታ አውጥቷል። ታዋቂው የአሜሪካ ጊታር ፋብሪካ ጊብሰን ከማዳጋስካር በገባ ዞጲ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2009 ተፈትሾ፣ በ2012 የ300,000 ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል። የተያዘበትንም እንጨት አጥቷል።

የፈረንጅ ጥድ በሳይተስ ዝርዝር ውስጥ የለም። ከታወቀ የተከላ ደን የተገዛ መሆኑን የሚያስረዳ ደረሰኝ ካለው ለገዢውም ለጉምሩኩም ማስረዳት አያዳግትም። በውጭ ገበያ የዚህ ወረቀት ዋጋ ከእንጨቱ ዋጋ የማይተናነስበት ጊዜ ነው።

በዚህ ሥራ ለመሰማራት የሚፈልግ ባለሀብት በቅድሚያ ማሽን ከመግዛት ይልቅ ጥቂት ሜትር ኩብ ጉጥ የሌለው የፈረንጅ ጥድ መርጦ፣ በተገቢው አቅጣጫ አሰንጥቆ፣ ዝናብና ፀሐይ በማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አየር እንዲያገኝ አድርጎ ቢያስቀምጥ ይመረጣል። እንጨቱ እስኪደርቅ አንድና ሁለት ባለሙያ ማሠልጠን ይቻላል። ለጊታር ያልተመረጠው ጣውላም ቢሆን አይጠፋም። በሚገባ የደረቀ እንጨት በሀይሌ ጋርመንት የቤት ዕቃ ሠሪዎች ዘንድ ምንጊዜም ገዢ አለው።