ስለ ነጻ የሒሳብ መርማሪዎች አገልግሎት፤ በተለይም በጋምቤላ

የጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር ያደገችው በንግድ ምክንያት ነው። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል፣ በባሮ ዳር ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን በኪራይ ተፈቀደ። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከሱዳን እየመጡ ሸቀጣቸውን ያራግፉ፣ ከጎሬና ከአካባቢዋ የወረደውንም ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ቦታው ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር የተመለሰው በ1949 ዓ.ም. ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዘመን ቡናው በጋምቤላ መጋዘን ሲቀመጥ፣ ባለቤቱ በጎሬ ወይም በካርቱም ሆኖ የሚጠባበቀው የሰው ቃልና የጽሑፍ ሒሳብ ነበር። ዛሬም ነገሩ ከዚያ ብዙ አልራቀም። በኩሌ፣ በቲርኪዲና በጀዊ መጠለያዎች ለሚኖሩት ከደቡብ ሱዳን ለተሰደዱ ሰዎች የሚውለው ገንዘብ አብዛኛው ከባሕር ማዶ ይላካል፤ ለእርሻ የሚሰጠው ብድር በአዲስ አበባ ይፈቀዳል፤ ባለ አክሲዮኑም መሬቱን ሳያየው ድርሻውን የሚከፍልበት ጊዜ አለ። የገንዘብ ባለቤትና የገንዘብ ጠባቂ በተራራቁበት ስፍራ ሁሉ፣ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። እርሱም ነጻ የሒሳብ መርማሪ፣ በተለምዶ የውጭ ኦዲተር የምንለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንገልጥ ያሰብነው አገልግሎቱ ምን ምን እንደ ሆነ፣ ከእነዚህም የትኞቹ በአንድ እጅ ሊያዙ እንደማይገባቸው ነው።

በመጀመሪያ ነጻውን መርማሪ ከሌሎቹ እንለየው። የውስጥ ኦዲተር የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሲሆን፣ የሚረዳውም ያንኑ መሥሪያ ቤት ነው። ዋና ኦዲተር ደግሞ የመንግሥትን ገንዘብ መርምሮ ለምክር ቤት ያስታውቃል። ነጻው መርማሪ ግን በውል የሚሠራ ባለሙያ ነው። በአገራችን ለዚህ ሥራ ፈቃድ የሚሰጠውና ባለሙያዎቹን የሚቆጣጠረው፣ የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ በኋላ የተቋቋመው የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው።

እንዲህ ያሉ ድርጅቶች የሚሰጡት አገልግሎት በአምስት ሊከፈል ይችላል።

አንደኛው ዋናው የሒሳብ ምርመራ ነው። መርማሪው እያንዳንዱን ደረሰኝ አይመለከትም፤ ስሕተት ሊኖርበት ይችላል ብሎ ባሰበው ላይ አተኩሮ ናሙና ይወስዳል፣ ባንኩን በደብዳቤ ይጠይቃል፣ በመጋዘን ያለውን ዕቃ ሲቆጠር ይመለከታል። በመጨረሻም ከአራቱ አስተያየቶች አንዱን ይሰጣል። እነርሱም ነቀፌታ የሌለበት፣ ከጥቂት ጉዳዮች በስተቀር አጥጋቢ የሆነ፣ ተቃራኒ፣ አራተኛውም ማስረጃ በመታጣቱ አስተያየት ለመስጠት ያልተቻለበት ናቸው። ከዚህም ጋር ያገኘውን ጉድለት ለሥራ መሪዎች በደብዳቤ ይገልጣል።

ሁለተኛው ቀለል ያለ ፍተሻ ነው። በዚህ መርማሪው በጥያቄና በማነጻጸር ብቻ ሠርቶ፣ ሒሳቡ የተሳሳተ ነው የሚያሰኝ ነገር እንዳላጋጠመው ይናገራል። ዋጋው ይቀንሳል፤ የሚሰጠው እምነትም እንዲሁ።

ሦስተኛው በስምምነት የተወሰነ ምርመራ ነው። ደንበኛው፣ «ይህንና ይህን ቁጠርልኝ» ይላል፤ መርማሪውም ያገኘውን ብቻ ይጽፋል፤ የራሱን አስተያየት አይጨምርበትም። አራተኛው የሒሳብ መዝገብ ማደራጀትና የግብር ማስታወቂያ ማዘጋጀት ሲሆን፣ አምስተኛው ስለ ገንዘብ ቁጥጥርና ስለ ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃዎች የሚሰጥ ምክር ነው።

የሦስተኛውን ጥቅም የጋምቤላ እርሻ ታሪክ ያስረዳናል። በ2008 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት ያስጠናው ጥናት፣ በክልሉ ለባለሀብቶች ከተሰጠው የእርሻ መሬት አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ የተሰጠ እንደ ነበረ፣ ብድር ተወስዶበትም ያልለማ እንደ ተገኘ አመለከተ። እንግዲህ አንድ ሰው መዝገቡ የተስተካከለ፣ ደረሰኙም የተሟላ ቢሆን እንኳ፣ ይህ ብቻውን መሬቱ መታረሱን ለአበዳሪው በቂ አድርጎ አይነግረውም። አበዳሪው ይህን ማወቅ ከፈለገ፣ መርማሪው ወደ እርሻው ሄዶ ድንበሩን በመለኪያ እንዲያረጋግጥ፣ ትራክተሮቹንም እንዲቆጥር በውል ማስገባት አለበት። ያልተጠየቀ ምርመራ መልስ የለውም።

አሁን ወደ ትንሹ ደንበኛ እንምጣ። ለምሳሌ ያህል፣ ከባሮ ዓሣ አስጋሪዎች ዓሣ እየገዛ የሚሸጥ አንድ ማኅበር አለ እንበል። በዓመቱ 600,000 ብር ለግዥ አወጣሁ ይላል። አስጋሪው ግን የደረሰኝ ጥራዝ የለውም። መርማሪውም ማስረጃ ባጣ ጊዜ አስተያየቱን ይከለክላል፤ ማኅበሩም እርዳታውን ወይም ብድሩን ሊያጣ ይችላል፤ አንድ ብር ሳይሰረቅ ተጠርጣሪ ይሆናል። መድኃኒቱ ግን ከባድ አይደለም። በግዥው ዕለት የሻጩን ስም፣ ቀኑን፣ የዓሣውን ክብደት፣ የተከፈለውን ዋጋና የሻጩን ፊርማ ወይም የጣት አሻራ የያዘ የግዥ ቫውቸር መጻፍ፣ ገንዘብ የሚከፍለውንና ዓሣውን የሚመዝነውን ሰው መለየት፣ የቀኑንም ሽያጭ በማግስቱ ባንክ ማስገባት ነው። ይህን ዓመቱ ሲጀመር የሚያስተምር ምክር፣ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ከሚመጣ ነቀፌታ ይሻላል።

ነገር ግን ከዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። ከአዲስ አበባ እስከ ጋምቤላ ያለው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የመርማሪው የመጓጓዣና የአበል ወጪ የማኅበሩን ኪስ ስለሚጎዳ፣ «አንድ ጊዜ ከመጡ አይቀር መዝገቡንም ይሥሩልን፤ ከዚያም ይመርምሩት» የሚል አሳብ ይመጣል። ለጊዜው ርካሽ ይመስላል። ሆኖም መርማሪው የገዛ ራሱን ጽሕፈት ሲመረምር ዳኛም ባለ ጉዳይም ይሆናል፤ ስሕተቱን ቢያገኝ የሚወቅሰው ራሱን ነውና።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በአሜሪካ ኤንሮን የተባለው ኩባንያ በ2001 እ.ኤ.አ. ሲከስር፣ መርማሪው አርተር አንደርሰን በ2000 እ.ኤ.አ. ከዚያው ደንበኛ ለምርመራ 25 ሚሊዮን ዶላር፣ ለምክርና ለሌላ አገልግሎት ደግሞ 27 ሚሊዮን ዶላር ያህል መቀበሉ ታወቀ። በማግሥቱ ዓመት የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ኩባንያ መርማሪ የዚያኑ ኩባንያ መዝገብ እንዳይሠራ ከለከለ። በአገራችንም ይህ አሳብ እንግዳ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የአክሲዮን ማኅበር መሥራቾችና ዲሬክተሮች፣ የትዳር ጓደኞቻቸውና የቅርብ ዘመዶቻቸው፣ ከእነርሱም በሌላ ሥራ ደመወዝ የሚቀበሉ ሰዎች የማኅበሩ ኦዲተር እንዳይሆኑ ይከለክል ነበር። ያ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ቢተካም፣ የመርማሪው ነጻነት የሙያው መሠረት እንደ ሆነ ይኖራል።

ስለዚህ የጋምቤላ ማኅበራት መርማሪ ከመቅጠራቸው በፊት አራት ነገር እንዲያደርጉ እናሳስባለን። የመርማሪውን የቦርድ ፈቃድ ይመልከቱ። ከአምስቱ አገልግሎቶች የትኛውን እንደሚፈልጉ በውሉ ላይ ያስጽፉ። መዝገብ የሚሠራላቸውንና የሚመረምርላቸውን ይለዩ፤ ወጪው ከከበዳቸው፣ በአንድ ከተማ ያሉ ማኅበራት ተስማምተው መርማሪውን በአንድ ጉዞ ያምጡትና የመንገዱን ወጪ ይካፈሉ። በመጨረሻም የምርመራው ውጤት በጠቅላላ ጉባኤ ፊት፣ አባላቱ በሚሰሙት ቋንቋ፣ በአኙዋክም ሆነ በኑዌር፣ ይነበብ። አባሉ ያልሰማው ሒሳብ ለአባሉ አልተመረመረም።

በጥንቱ ጣቢያ የነበረው ነጋዴ መርከቡ ከሄደ በኋላ እስከሚመጣው ክረምት ድረስ ሒሳቡን ለማረም አይችልም ነበር። የዛሬው ማኅበር ግን ይችላል። የሚያስፈልገው ጠባቂውንና መርማሪውን ለይቶ ማወቅ ነው።