ተጨማሪ መረጃ፦ ነጠላና ነበልባል
እሳት ወደ ላይ ይወጣል። የቀሚስ ጠርዝ ወይም የነጠላ ጫፍ ሲያያዝ ነበልባሉ ከበላዩ ያለውን ጨርቅ አስቀድሞ ስለሚያሞቀው፣ በሰከንዶች ውስጥ ደረትና ፊት ጋ ይደርሳል። ነጠላ ስስ ጥጥ ነው፤ በክሮቹ መካከል አየር እንደልብ ስለሚገባ ቶሎ ይነዳል። ናይለንና ፖሊስተርም አያስተማምኑም፤ ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ፣ ቃጠሎውንም ያከፉታል።

ስለዚህ ወደ ምድጃ ከመጠጋት በፊት ነጠላው ይውለቅ፣ ሰፊ እጅጌም ይጠቅለል። መሬት ላይ የሚቀመጥ የከሰል ምድጃና ጉልቻ በከፍታ ከቀሚስ ጠርዝ ጋር እኩል ስለሆኑ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ ወጥ የሚያማስል ሰው ዓይኑ ድስቱ ላይ እንጂ ጠርዙ ላይ አይደለምና። በቡታጋዝ ደግሞ የኋላውን ድስት ለማንሳት በፊተኛው ነበልባል ላይ እጅ መዘርጋት አይገባም። እየነደደ ባለ የላምባ ምድጃ ላይ ላምባ መጨመር ፈጽሞ ክልክል ነው። ላምባ የነካው ልብስም ሳይቀየር ክብሪት አይጫርም።

ልብስ ከተያያዘ መሮጥ እሳቱን ያራግበዋል። ወዲያው መተኛት፣ ፊትን በእጅ ሸፍኖ መንከባለል ያስፈልጋል፤ የተኛ ሰው ላይ ነበልባሉ ወደ ፊቱ አይወጣም። አጠገብ ያለ ሰው በወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አፍኖ ያጥፋለት። እሳቱ እንደጠፋ የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ማቀዝቀዝ ይገባል። የተጣበቀ ጨርቅ አይላጥም። ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ፤ ተጎጂውን ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ።